ላሚቱን አትሽጪያት፣ ራኬቱንም አትቀሚያት

«እትዬ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ከደብረ ብርሃን ነው። ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት አጎቷ ከአዲስ አበባ አሮጌ የቴኒስ ራኬት አምጥቶላት ከዛ ወዲህ ሌላ ነገር አይታያትም። ማንም ሳይቀሰቅሳት በውርጭ ተነስታ ሰፈራችን ያለው መጋዘን ግድግዳ ላይ ትመታለች፣ ሳታቋርጥ እስከ 200 ትቆጥራለች፣ ከሳተች እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ቅዳሜ ደግሞ አንድ ግቢ ውስጥ ያለ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ትልልቆቹ ያጫውቷታል። አሁን አሰልጣኝ ነኝ ያለ ሰው አይቷት፣ አዲስ አበባ እኔ ቤት ትኑር፣ በሁለት ዓመት ፕሮፌሽናል አደርጋታለሁ፣ ለመነሻ 180 ሺህ ብር አምጪ አለኝ። ሁለት የፈረንጅ ላሞች አሉኝ፣ የምንተዳደረው በወተቱና ባለቤቴ በሚነዳው አይሱዙ ነው። አንዷን ልሸጥ አስቤያለሁ። ባለቤቴ ግን ቴኒስ የሀብታም ጨዋታ ነው፣ የጌጤ ዋሚ አገር ልጅ ከሆነች ትሩጥ፣ ያንን ነገር ቀሚያት ይላል። ልጅቷ ሁለታችንንም አኩርፋ እራት ትታለች። ምን ላድርግ? የልጅቷ እናት።»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ላሟን አትሽጪ። ደላላ አናግረሽ ከሆነም ዛሬውኑ ትቼዋለሁ በይው። ራኬቱንም አትቀሚያት። እነዚህን ሁለቱን ከያዝሽልኝ ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን።

እኔ ደብረ ሲና ብወለድም ከ9ኛ እስከ 12ኛ የተማርኩት ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ነው፣ የኅዳርን ውርጭ አውቀዋለሁ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳሩ ነጭ ሆኖ ስትረግጪው ሲንኮሻኮሽ፣ ባልዲ ውስጥ ያደረው ውሃ ላዩ ሲረጋ፣ ጋቢ ደርበሽ እንኳን ጣትሽ አልታዘዝ ሲልሽ። በዛ ሰዓት ተነስታ ግድግዳ የምትመታ የ12 ዓመት ልጅ፣ በዛ ላይ 180 ደርሳ ስትስት ማንም ሳያያት ከአንድ የምትጀምር ልጅ፣ የሆነ ነገር አላት። ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ ምናልባት ትልቅ ተጫዋች አይወጣትም ይሆናል፣ ግን ያንን ነገር ከልጅ ላይ መንጠቅ ኃጢአት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ባለቤትሽ ይቅር ይበለኝና ትክክል አይደለም። አንቺም ትክክል አይደለሽም፣ አንዴ ላም ሸጠሽ የምትገዢው ነገር ስላልሆነ። የቴኒስ ሙያ እንደ ኮንዶሚኒየም ቅድመ ክፍያ ተከፍሎበት የሚጠበቅ አይደለም፣ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ለአስር ለአስራ አምስት ዓመት የሚመገብ ነገር ነው፣ ለዛ ደግሞ የምትታለብ ላም እንጂ የተሸጠች ላም አትሆንሽም።

ስለ ሰውየው ልናገር። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) የ12 ዓመት ልጅ በሁለት ዓመት ፕሮፌሽናል አደርጋለሁ የሚል ሰው ወይ ስራውን አያውቀውም ወይ አንቺን ንቆሻል። የሴቶቹ ቴኒስ ማህበር፣ ደብሊውቲኤ የሚሉት፣ የዕድሜ ደንብ አለው፣ 14 ሳይሞላት ማንም ልጅ ፕሮፌሽናል ውድድር ላይ አትሰለፍም፣ ከ14 በኋላም 18 እስኪሞላት በዓመት ስንት ውድድር መግባት እንደምትችል በዕድሜዋ ልክ ተቆጥሮ ነው የሚፈቀድላት። የታዳጊዎቹ ዓለም አቀፍ ውድድር ራሱ ከ13 ዓመት ነው የሚጀምረው። ይሄ ደንብ ዝም ብሎ ጥብቅ አልሆነም። ጄኒፈር ካፕሪያቲ የምትባል አሜሪካዊት ነበረች፣ 1990 ላይ 14 ሳይሞላት ፕሮፌሽናል ሆነች፣ በዛው ዓመት የፈረንሳይ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ ገባች፣ 1992 ባርሴሎና ላይ፣ ያው የኛ ደራርቱ ባሸነፈችበት ኦሎምፒክ፣ ታላቋን ጀርመናዊት ስቴፊ ግራፍን አሸንፋ ወርቅ ወሰደች፣ 16 ዓመቷ ነበር። ከዛ በዓመቱ ታከታት፣ ራኬቱን አስቀምጣ ጠፋች። ደግነቱ በኋላ ተመለሰችና 2001 ላይ የአውስትራሊያ ኦፕንንና የፈረንሳይ ኦፕንን አሸነፈች፣ ግን መሀል ላይ የጠፉት ዓመቶች የልጅነት ዓመቶቿ ነበሩ፣ እነሱን ማን ይመልስላታል። ደንቡ ጥብቅ የሆነው ከሷ በኋላ ነው።

ደግሞ «እኔ ቤት ትኑር» ያለው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሃይስኩል አብራኝ የምትማር፣ እኔ ስከተላት አቧራዋን ብቻ የማይ ሯጭ ልጅ ነበረች። አንድ ሰው ክለብ አስገባታለሁ ብሎ እናቷን አሳምኖ አዲስ አበባ ወሰዳት። ክለብ የሚባል ነገር አላየችም፣ አንድ ዓመት ሙሉ የሰውየውን ቤት ልብስ ስታጥብና ልጆቹን ስታዝል ከርማ፣ ፈተና አምልጧት፣ በአይሱዙ ጋቢና ተለምና ተመለሰች። ከዛ በኋላ ስትሮጥ አላየኋትም። ሁሉም አሰልጣኝ እንደዛ ነው አልልም፣ በነጻ የሰፈር ልጅ የሚያሰለጥኑ ምርጥ ሰዎች አሉ፣ ግን የ12 ዓመት ሴት ልጅ ዘመድ ባልሆነ ወንድ ቤት አትኖርም፣ አለቀ። አሰልጣኝ የሆነ ሰው ሜዳ ላይ ነው የሚገኘው፣ እናት ቆማ እያየች ነው የሚያሰለጥነው፣ ብሩንም በወር እንጂ በላም ዋጋ አይጠይቅም።

እሺ፣ ሙያው ራሱ እንዴት ነው የሚለውን ደግሞ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እናት ልጇ የምትሄድበትን መንገድ ማወቅ አለባት። ቲቪ ላይ የምታያቸው እነ ዊምብልደን የመሰላሉ ጫፍ ናቸው። የታችኛው እርከን ደብሊው 15 ይባላል፣ ለውድድሩ ሁሉ የተመደበው ሽልማት 15,000 ዶላር ነው፣ ለሁሉም ተጫዋች ተከፋፍሎ አንደኛ የወጣችው ልጅ እንኳን 2,500 ዶላር አይደርሳትም፣ የመጀመሪያው ዙር ላይ የተሸነፈችው ደግሞ የሆቴሏን አታገኝም። ከዛ 35፣ 50፣ 75፣ 100 እያለ ይወጣል፣ ከሱ በላይ ነው የደብሊውቲኤ ውድድር የሚመጣው። በየውድድሩ ነጥብ ይሰበሰባል፣ ነጥቡ 52 ሳምንት ብቻ ነው የሚቆየው፣ ዘንድሮ ያገኘሽውን በዓመቱ እዛው ቦታ ካልደገምሽው ይወርድብሻል። የዓለም ራንኪንግ ላይ ስምሽ እንዲገባ ራሱ ቢያንስ በሶስት ውድድር ነጥብ ማግኘት ወይ በድምሩ 10 ነጥብ መያዝ አለብሽ። መቶኛ አካባቢ የደረሱት ግራንድ ስላም፣ እነ ዊምብልደን ያሉበት አራቱ ትልልቅ ውድድሮች፣ በቀጥታ ይገባሉ፣ ከነሱ ቀጥሎ እስከ 200 ምናምነኛ ያሉት ማጣሪያውን ይሞክራሉ። 2024 ላይ ዩኤስ ኦፕን ዋናው ውድድር ገብታ በመጀመሪያው ጨዋታ የተሸነፈች ልጅ 100,000 ዶላር ነው የወሰደችው። እና አየሽ ልዩነቱን፣ ላይኛው ጋ አንድ ጨዋታ ተሸንፈሽ የምታገኚውን ታችኛው ጋ አርባ ውድድር አሸንፈሽ አታገኚውም። መሀል ላይ ያሉት ናቸው የሚያሳዝኑት፣ 300ኛ 400ኛ የሆኑ፣ በዓለም ላይ ከነሱ የሚበልጡ ሴቶች 400 አይሞሉም፣ ሆኖም የአውሮፕላን ቲኬት ከየት አመጣ እያሉ ነው የሚያድሩት። ባለቤትሽ የሀብታም ጨዋታ ነው ያለው እዚህ ጋ እውነት አለው፣ ልክደው አልችልም።

ግን ጨርሶ እውነት ቢሆን ኖሮ አንጄላ ኦኩቶዪ የምትባል ልጅ አትኖርም ነበር። ኬንያዊት ናት፣ ጎረቤታችን። እናቷ እሷንና መንትያዋን ስትወልድ አርፋ አያቷ ናቸው ናይሮቢ ያሳደጓቸው። ሀብት ሳይሆን ቅርብ ያለ ሜዳና የማይታክቱ አያት ነበሯት። 2022 ላይ ከአንዲት የሆላንድ ልጅ ጋር ተጣምራ የዊምብልደንን የታዳጊ ሴቶች ጥንድ ዋንጫ ወሰደች፣ የታዳጊ ግራንድ ስላም ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኬንያዊት። ቀጥሎ ምን አደረገች መሰለሽ? አሜሪካ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ እየተማረች መጫወት። 2024 አክራ ላይ በአፍሪካ ጨዋታዎች በነጠላ ወርቅ ያመጣችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና ነው።

የቱኒዚያዋን ኦንስ ጃበርን ደግሞ ልጅሽ ሳታውቃት አትቀርም፣ ስልክሽ ላይ ቪዲዮዋን እያየች ይሆናል፣ ኳሱን መረቡ ስር ጠብ አድርጋ ባላጋራዋን የምታስሮጥ። በሶስት ዓመቷ ሜዳ የወሰደቻት እናቷ ናት። የሰፈሯ ክለብ የራሱ ሜዳ ስላልነበረው ሆቴሎች ግቢ ውስጥ ነው የተለማመደችው። 2011 የፈረንሳይን የታዳጊዎች ዋንጫ ወሰደች፣ 16 ዓመቷ። ያኔ ሁሉም ሰው በቃ ነገ ዋንጫ ታነሳለች ብሎ ነበር፣ የመጀመሪያውን የደብሊውቲኤ ዋንጫ ያነሳችው ግን 2021 ላይ ነው፣ በርሚንግሃም፣ አስር ዓመት ቆይታ። በቀጣዩ ዓመት ማድሪድን አሸነፈች፣ የዓለም ሁለተኛ ሆነች፣ ዊምብልደን ፍጻሜ ደረሰች፣ ዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ደረሰች፣ 2023 እንደገና ዊምብልደን ፍጻሜ፣ ሶስቱንም ተሸነፈች። የ2023ቱን ሽንፈት አይቼ እኔ ራሴ አልቅሻለሁ። እነዛን አስር ዓመታት አስቢያቸው፣ ሰውየው ሁለት ዓመት አለሽ፣ እሷ ግን እስከ መጀመሪያው የደብሊውቲኤ ዋንጫዋ ከእናቷ ጋር ከጀመረች 23 ዓመት ነው የፈጀባት። አንቺ ደግሞ ካሁኑ ላሟን ከሸጥሽ በሶስተኛው ዓመት ምን ትሸጫለሽ?

ባለቤትሽ ጌጤን ማንሳቱ ደስ ብሎኛል፣ እውነቱን ነው፣ ጫጫ የተወለደች የሰፈራችሁ ልጅ 1999 ሴቪል ላይ በ10 ሺህ የዓለም ሻምፒዮን፣ ሲድኒ ላይ ከደራርቱ ኋላ ብር፣ በርሊን ማራቶንን ሁለት ዓመት ተከታታይ። ማን አይኮራም። ግን ጌጤ የሮጠችው መሮጥ ስለምትወድ እንጂ ጫጫ ስለተወለደች ብቻ አይደለም። ሯጭ ሌላ ተፎካካሪ ባይኖራትም ሰዓቷን ይዛ ብቻዋን መሻሻል ትችላለች፣ ቴኒስ ግን ኳሱን የሚመልስልሽ ሰው ይፈልጋል፣ ልጅሽ የጎደላት እሱ ነው እንጂ ሀብት ብቻ አይደለም። ደግሞ ሴት ልጅ በዚህ ስፖርት ምን ታገኛለች ካለሽ፣ አሜሪካዊቷ ተጫዋች ቢሊ ጂን ኪንግና ጓደኞቿ 1970 ላይ በአንድ አንድ ዶላር ፈርመው የራሳቸውን ውድድር የጀመሩ ናቸው፣ 1973 ማህበሩን መሰረቱት፣ በዛው ዓመት ዩኤስ ኦፕን ለሴትና ለወንድ እኩል ሽልማት መክፈል ጀመረ፣ ዊምብልደን ዘግይቶ 2007 ላይ ተከተለ። የወለደች ተጫዋች ራንኪንጓ ተጠብቆላት እስከ ሶስት ዓመት ድረስ የምትመለስበት ደንብም አለ። ይህንን ሁሉ ያመጡት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው፣ ለልጅሽ እራት ሰዓት ላይ ንገሪያት፣ ራትዋን የምትበላ ከሆነ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይልኝ፣ ያላችሁበት ቦታ። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ አይዘገይም፣ ይበራል፣ ሲነጥርም ከሚገባው በላይ ይነጥራል። ልጅቷ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ኳሱ ሁሉ ከመስመር ውጭ እየወጣባት ከሆነ ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች የተለየ የከፍታ ኳስ ፈቅዷል፣ እሱ ባይገኝ አረንጓዴ ነጥብ ያለበት ለታዳጊ የሚሆን ለስለስ ያለ ኳስ አለ፣ ቀስ ስለሚል እጇን ለማስተካከል እሱ ይሻላታል። አንድ ቀን ጣርማ በርን ተሻግራችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላው ብትወርዱ ያው ምቷ ኳሱን መረብ ላይ ታሳርፈዋለች፣ እንዳትደነግጥ ካሁኑ ንገሪያት፣ አየሩ ነው።

ግድግዳው ላይ ደግሞ በኖራ መስመር አስምሩላት። መረብ መሀሉ ላይ ቁመቱ 91 ሳንቲሜትር ነው፣ በሜትር ለክታችሁ በዛው ቁመት ከዳር እስከ ዳር አስምሩ። ዝም ብሎ ግድግዳ መምታትና ከመስመር በላይ መምታት በጣም ይለያያል። 200 የምትለው ቁጥር ምናልባት ወደ 30 ይወርዳል፣ ታለቅስ ይሆናል፣ ተያት፣ በሳምንቱ ትወጣዋለች።

ብርሽን በተመለከተ፣ የአንድ ቀን የማታ ወተት በሳምንት ለሷ ይመደብ፣ በቃ። ለብቻው ማሰሮ ይሁን፣ ባንክ ይሁን እንደፈለግሽ። ከሱ መጀመሪያ የምትገዢው የተሻለ ራኬት አይደለም፣ ሁለተኛ አሮጌ ራኬት ነው፣ ለጎረቤት ልጅ። ይሄ ብዙ እናቶች የማያስቡት ነገር ነው፣ ለራሷ ልጅ ዕቃ ትገዛለች እንጂ ለልጇ ተጫዋች አትገዛም። ከክፍሏ አንዷን ፍላጎት ያላትን ልጅ ትምረጥና ራሷ ታስተምራት፣ በስድስት ወር ኳስ የምትመልስላት ጓደኛ ይኖራታል፣ በዛ ላይ ሌላ ሰው ያስተማረች ልጅ የራሷን ስህተት ታያለች። ቀጥሎ ክር፣ የራኬቱ ክር አርጅቶ ከሆነ ክርኗን ያሳምማታል፣ አዲስ አበባ ሜዳ ያለባቸው ቦታዎች የሚወጥሩ ሰዎች አሉ። ከሁሉ ቀድሞ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀቷን ከቀበሌ አውጪ፣ በዚህ ስፖርት ዕድሜ ሁሉንም ነገር ይወስናል፣ ነገ ፓስፖርት ሲመጣ በተሳሳተ ቀን እንዳትቸገሩ።

የቴኒስ ፌዴሬሽኑ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ደውለሽ ወይ ባለቤትሽ ሲሄድ ብቅ ብሎ ለታዳጊ ሴቶች ምን ውድድር አለ፣ ክረምት ላይ ምን ስልጠና አለ ብሎ ይጠይቅ። ያንንም ሰውዬ በዛው ያውቁት እንደሆነ ይጠይቅልሽ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ዘመድ ቤት፣ የራሳችሁ ዘመድ፣ አክስት ወይ ያ ራኬቱን ያመጣው አጎቷ ጋ ለሁለት ሳምንት አርፋ ብትጫወት ይበቃታል ለአሁኑ። መንገዱ እንዳለበት ሁኔታ ነው ደግሞ፣ አንዳንዴ ሰላም አንዳንዴ ዝግ፣ በየሳምንቱ አመላልሳታለሁ ብለሽ እንዳታስቢ።

ትምህርቷ ላይ ግን ልመናዬ ነው። ዘንድሮ የ6ኛ ክፍል ፈተና አለባት፣ ከዛ 8ኛ ይመጣል። የቴኒስ በር ከተከፈተላት በጣም የሚመስለኝ የሚከፈተው በትምህርት በኩል ነው፣ እንደ አንጄላ። አሜሪካ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ጎበዝ ተጫዋች ሴቶችን ክፍያቸውን ችለው ያስተምራሉ፣ አሰልጣኝ አለ፣ ሜዳ አለ፣ ምግብ አለ፣ ላም አይሸጥም። ዳንዬል ኮሊንስን ውሰጂ፣ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ እየተጫወተች ተምራ ጨርሳ ነው ፕሮፌሽናል የሆነችው፣ 22 ዓመቷ ላይ፣ ከዛ 2022 የአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ደረሰች። ልጅሽ 22 ሊሞላት አስር ዓመት አላት እኮ። እንግሊዝኛዋ ላይ በርቺባት፣ የቴኒስ ውጤት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚቆጠር ከቪዲዮ ትማር፣ ግድግዳውንም በእንግሊዝኛ ትቁጠረው።

ለልጅቷ ዛሬ ማታ እንዲህ በያት፤ ራኬትሽን ማንም አይወስድብሽም፣ አዲስ አበባም ሰው ቤት አትሄጂም፣ ፈተናሽን እስክትጨርሺ ጠዋት ጠዋት ትመቻለሽ፣ ማታ ታጠኛለሽ። ፕሮፌሽናል ትሆኛለሽ አትበያት፣ አትሆኝምም አትበያት። 15 ዓመት ሲሞላት ሶስታችሁም ተቀምጣችሁ እንደገና ታወሩታላችሁ፣ ያኔ አሁንም ማንም ሳይቀሰቅሳት የምትነሳ ከሆነ ያኔ ጻፊልኝ፣ ምን እንደሚሸጥና እንደማይሸጥ ያኔ እንነጋገራለን።

ባለቤትሽን ደግሞ አትጨቃጨቂው። የሚቀጥለው ጉዞ ላይ ሲመለስ አንድ ካርቶን ኳስ፣ አረንጓዴ ነጥብ ያለበትን፣ ይዞላት እንዲመጣ ብቻ ጠይቂው። ሲያወርድላት ጠዋት ግድግዳው ጋ አብሯት ይቁም፣ ጋቢውን ይልበስ፣ እሷ ትምታ፣ እሱ ይቁጠርላት።